ከሰንጠረዡ ግርጌ

ኤንባል ከሠራዊቱ ከተሰናበተች ዓመት ሊሞላት ነው። በአገልግሎቷ ዘመን ሥራዋ ማየት ነበር፤ ድንበር አጠገብ ባለ አንድ ክፍል ተቀምጣ፣ ዓይኗን ስክሪን ላይ ተክላ፣ ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ ነፋስ ይሁን ሰው ለይታ መናገር። አሁን ቀን ቀን ከአንድ የመነጽር ሱቅ ትሠራለች። ሲመሽ ደግሞ ረሆቮት ውስጥ ክርያት ሞሼ ወዳለው ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ ወርዳ፣ አምስት ሰው ያለበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድን ትመራለች።

ጨዋታው የተኩስ ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ረጅም ስለሆነ የሰፈሩ ልጆች በዕብራይስጥ «ሻዓር» ይሉታል፤ በር ማለት ነው። አምስቱ በሩን ሊሰብሩ ይመጣሉ፣ አምስቱ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ግን ሌላ ጦርነት አለ፤ ምርጫው። ከሠላሳ በላይ ገጸ ባህርያት አሉ፣ እያንዳንዱም የየራሱ ችሎታ አለው። ማን ማንን ይያዝ የሚለው ነገር ወንድማማች ያጣላል። የኤንባልንም ቡድን ያፈረሰው እሱው ነው።

አሠልጣኛቸው ኢታይ የሌላው ሰፈር፣ የክፋር ግቢሮል ሰው ነው። በዚሁ ጨዋታ አውሮፓ ድረስ ሄዶ የተወዳደረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ የሚናገረውንም የሚያውቅ። ልጆቹ ያከብሩታል፤ ኤንባልም ታከብረዋለች። አንድ ማክሰኞ ምሽት ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ አበራ። የጨዋታው ሠሪዎች አንድ ነገር በለወጡ ቁጥር አዋቂዎቹ ገጸ ባህርያቱን ከጠንካራ እስከ ደካማ ደርድረው ያወጣሉ። ከላይኛው ረድፍ ባራክ አለ፤ እንደ ስሙ መብረቅ ነው፣ ሩጫው ዓይን አይከተለውም። ኔሼር አለ፣ ከሩቅ የሚመታው ንስር። ሮፌ አለ፣ የቆሰለ የሚያነሣው ሐኪም። ከሰንጠረዡ ግርጌ፣ ከሁሉም በታች፣ ልጆቹ ሳቭታ፣ አያት፣ ያሏት ጎባጣ አሮጊት ተቀምጣለች።

«ታክሺቩ፣» አለ ኢታይ፤ ስሙኝ ሲል ነው። «ውድድሩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከላይኛው ረድፍ ውጭ የሚነካ የለም። ኒቭ ባራክን፣ ስታቭ ኔሼርን፣ ኤንባል ሮፌን። ይሻይ፣ አንተ ሳቭታን ትተዋለህ።»

ይሻይ ረጅም፣ ንግግሩም አካሄዱም ዝግ ያለ ወጣት ነው። ሳቭታን ከያዛት ሁለት ዓመቱ ነው። አሮጊቷ አትሮጥም፤ ከከረጢቷ ትንንሽ ደወሎች እያወጣች በየመተላለፊያው ትሰቅላለች፣ ጠላት ሲያልፍ ደወሉ ይጮኻል። ሠሪዎቹ በቅርቡ ደወሎቿን ከአራት ወደ ሁለት ቀንሰውባታል። ከዚያ ወዲህ ዓለም ትቷታል።

«ለሩጫው እጄ አይደርስም፣» አለ ይሻይ።

«እንግዲያው ተጠባባቂ ትሆናለህ። ሰው አገኛለሁ።»

ኤንባል ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋችው። «ይሻይ አይወጣም።»

«ስለ ይሻይ አይደለም የማወራው። ሳቭታን የያዘ ቡድን ከሚያሸንፈው የሚሸነፈው ይበልጣል።»

«የማን ቡድን?»

«በዓለም ያለው ሁሉ።»

«ባለፈው ወር እኛ ሳቭታን ይዘን ስንቴ ተሸነፍን?»

ኢታይ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። መብራቱን አጠፋና ኮምፒውተሩን ከደነ። «ካፒቴን ከሆንሽ የጠነከረውን መምረጥ ተማሪ። ካልሆነ ሌላ ቡድን አለኝ።»

ይሻይ አንገቱን ደፍቷል። ኤንባል ከሌሎቹ አንድ ቃል ጠበቀች፤ ሲጠፋ ራሷ ተናገረች። «ይቅናህ፣» አለችው ኢታይን፣ «ደህና ሁን።»

ኢታይ ወጣ። እሱ ሲወጣ ኒቭም ጆሮ ማዳመጫውን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ በአንገቱ አጠለቀና ተከተለው። ኒቭ የአክስቷ ልጅ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት፣ እጁም ከሁሉ ይፈጥናል። ከበሩ ደርሶ ዞር አለና «አል ቲካሲ» አላት፣ አትቀየሚኝ እንደ ማለት። እሷ ግን ከተቀየመች ቆይታለች።

ቤት ስትደርስ እናቷ እልፍነሽ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። እልፍነሽ በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሕፃናት መዋያ ነው የምትሠራው። ቀና ብላ አየቻት።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቁሯል።»

ኤንባል ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችላት። እናትየው ጨዋታውን ከነ ጩኸቱ አትወደውም፤ በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ ተኩስ መጫወት ምን ይሉታል እያለች ስንቴ ተቆጥታለች። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። «ይች ሳቭታ የምትሏት፣ ደወል መስቀሏ ደግ አይደል? ታዲያ ለምን ጠሏት?»

«አትሮጥም እማ። ትንሽ ከተመታች ደግሞ ትወድቃለች።»

እልፍነሽ ሳቀች። ሸሚዙን አጥፋ ካስቀመጠች በኋላ ግን ሳቋ ጠፋ። «አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ዮዔጼት ነበረች፣ ምን መማር እንዳለብን የምትመክር። ነርስ መሆን እፈልጋለሁ አልኋት። ‹ለናንተ ስፌት ይሻላል፣ በእሱ ጠንካሮች ናችሁ› አለችኝ። እኔ መርፌ ይዤ አላውቅም። ቤሰደር አልሁ።»

«ለምን እሺ አልሽ?»

«ሌላ ቃል አልነበረኝማ። ከቋንቋው የማውቀው እሱን ነበር።» ሌላ ሸሚዝ አነሣች። «አንች ቋንቋው አለሽ። ጨዋታው ጨዋታ ነው፣ እኔ አላውቅበትም። ግን ካፒቴን ካሉሽ የምትመርጪ አንች ነሽ።»

በማግስቱ ኤንባል የቀሩትን ሰበሰበች። ይሻይ፣ ስታቭ እና የቡድኑ አምስተኛ ኖይ ነበሩ። በኒቭ ቦታ ሳፒርን አመጣች፤ ሳፒር ወታደር ናት፣ ቤቷ የምትመጣው ለሰንበት ብቻ ስለሆነ የምትለማመደው ሰንበት ሲወጣ ነው፣ ግን ነገር ሲጠብ የማትደነግጥ ልጅ ናት። ኤንባል ሰንጠረዡን አላሳየቻቸውም። «ሁላችሁም ሁሉንም ትሞክራላችሁ፣» አለቻቸው። «ጠንካራውን አትፈልጉ። እኔ እያየሁ ነው።»

የምታየውን ለማንም አልነገረችም። ሰው ትከሻው ዘና ብሎ መቼ እንደሚወርድ ነበር የምታየው። ኖይ ባራክን ስትይዝ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር፤ ፍልፈል የሚሉትን፣ ግድግዳ እየሰረሰረ የሚገባውን፣ ስትይዝ ግን ማንጎራጎር ጀመረች። ፍልፈልን ማንም አይመርጠውም። ስታቭ ኔሼርን ወደደ፣ ተወችለት፤ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ የሚጣል ነገር የለም። ሳፒር ጭስ የሚረጨውን ያዘች። ይሻይ ከሳቭታው ጋር ቀረ። ኤንባል ራሷ ዓይንን ወሰደች፤ ካሜራ እየተከለ የሚሰልለውን፣ ከግርጌ ሦስተኛውን። ፈጣን አጥቂ ስለሌላቸው በተለማመዱ ቁጥር ይሸነፉ ነበር። አንድ ምሽት በተከታታይ ተሸንፈው ስታቭ «ኢታይ ትክክል ቢሆንስ?» አለ።

«ለእሱ ትክክል ነው፣» አለች። «ሰንጠረዡ አልዋሸም። እጃቸው እንደ መብረቅ ለሆነ ሰዎች የተጻፈ ነው። የኛን እጅ ማን አይቶ ጻፈ? ያላ፣ እንደገና።»

ውድድሩ ዓርብ ጠዋት ቴል አቪቭ ነበር። ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ተሳፈሩ፤ ሳፒር የደንብ ልብሷን እንደለበሰች፣ መሣሪያዋን እንዳነገተች መጣች። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፣ በማይክሮፎን ጨዋታውን የሚተርክ ሰው አለ። ሁለት ግጥሚያ አሸንፈው ሦስተኛው ላይ ማን እንደተመደበባቸው አዩ። የኢታይ ቡድን ነው። ኒቭ ከመሐል ተቀምጧል።

የኤንባል ምርጫ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ከሕዝቡ መካከል ሳቅ ተሰማ። ተራኪውም «ሳቭታ፤ ይቺን ካየናት ቆየን» አለ። ሳቁ ግን አልቆየም። ኒቭ በባራክ እየበረረ በገባ ቁጥር ደወሉ ይጮኻል፣ ስታቭ ከሩቅ ይጠብቀዋል። ግጥሚያው ሁለት ሜዳ ላሸነፈ ነው፤ የመጀመሪያውን ሜዳ ኤንባል አሸነፈች። በሁለተኛው ኢታይ ነቃ፤ ልጆቹ ደወል ባለበት ማለፍ ትተው ዞረው መጡ፣ አሸነፉም። አንድ ለአንድ ሆኑ።

በሦስተኛው ሜዳ ሕጉ ይለወጣል። ከምርጫው በፊት እያንዳንዱ ቡድን ከተጋጣሚው ሁለት ገጸ ባህርያት ማገድ ይችላል፤ አንዱ የወሰደውንም ሌላው አይወስድም። ሰው ሁሉ የሚያግደው ከላይኛው ረድፍ ነው፤ ኤንባልም ሮፌንና ሌላ አንድ አገደች። ኢታይ ከልጆቹ ኋላ ጎንበስ ብሎ ተናገረ። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ወረደ፤ ሳቭታ ታገደች። ሁለተኛ መስመር ወረደ፤ ዓይን ታገደ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ይሻይ እጁን ከመዳፊቱ አነሣ። «አለቀልን፣» አለ።

ኤንባልን ግን ራሷም ያልጠበቀችው ደስታ ሞላት። «አልገባህም?» አለችው። «ከሦስት ሳምንት በፊት ይቺ አሮጊት አትረባም ያለህ ሰው ነው። ዛሬ ከባራክ ይልቅ እሷን ፈራ።»

«ባራክ ክፍት ነው፣» አለ ስታቭ። «እንውሰደው፣ ቢያንስ ኒቭ አያገኘውም።»

የምርጫው ሰዓት ይቆጥራል። ኢታይ ባራክን የተወላት አውቆ ነው፤ ትወስደዋለች፣ ልጆቿ አያውቁበትም፣ ይሰናከላሉ። ጠንካራውን ሰጥቶ ሊጥላት ነው።

«ለኒቭ ተዉለት፣» አለች። «ይሻይ፣ ግንበኛውን ውሰድ።»

«ግንበኛው ከሳቭታም ይባስ ነው።»

«አውቃለሁ። ስትሞክረው አይቼሃለሁ፣ ትከሻህ ወርዶ ነበር።»

ይሻይ ትከሻውን አየ፣ ምን እንዳለችው አልገባውም። ግን ወሰደ። ግንበኛው አንድ ችሎታ ብቻ አለው፤ ባሻው ቦታ ግንብ ያቆማል፣ ግንቡም ወዲያው ይፈርሳል። እሷ የቀራትን፣ ማንም ያልፈለገውን አንድ ጋሻ ጃግሬ ያዘች፤ በዚህኛው ሜዳ ካሜራ የለኝም፣ በጆሮዬ እመራለሁ ብላ።

ዙር በዙር ተያያዙ። አንዱ ሲቀድም ሌላው ይደርሳል፤ ስድስት ለስድስት ሆነው አንድ ዙር ቀረ። ጠባቂዎቹ የኤንባል ልጆች ናቸው። ኤንባል ዓይኗን ጨፈነች። ከማይክሮፎኑ ጩኸት ሥር የሩጫ ኮቴ ትሰማለች፣ ፈጣን፣ የባራክ። ኒቭ ሲቸኩል ወዴት እንደሚዞር ከአሠልጣኙ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ በብስክሌትም በኳስም አይታዋለች።

«በግራ ነው የሚመጣው፣» አለች። «ይሻይ፣ ከፊቱ እንዳትገነባ። ይለፍህና ከኋላው ገንባ።»

«ከኋላው?»

«ከኋላው።»

ኒቭ ገባ። ማንም አልተኮሰበትም። ወዲያው ከጀርባው ግንቡ ተነሣ፣ አራቱ ጓደኞቹ ከወዲያ ቀሩ፣ እሱ ብቻውን ከአምስት ሰው መሐል ቆመ። ሩጫው አላዳነውም፤ የሚሮጥበት የለም። ግንቡ ሲፈርስ የቀሩት አራቱ ተንደርድረው መጡ፤ ኖይ በፍልፈሏ የጎኑን ግድግዳ በስታ ሳይጠብቋት ወጣችባቸው፣ ሳፒር ጭሱን ለቀቀች። ጭሱ ሲገለጥ በሩ አልተሰበረም፣ ሰዓቱም አልቋል።

ኢታይ መጥቶ እጇን ጨበጠ። «ዕድል ነበር፣» አለ፣ እንደ ልማዱ በዝግታ።

«ያገድኸው አንተ ነህ፣» አለች ኤንባል። «ዕድልን ማን ያግዳል?»

ከዚያ የፍጻሜው ግጥሚያ መጣ፤ የሃይፋ ልጆች። አምስቱንም ከላይኛው ረድፍ የያዙ፣ እጃቸውም ሰንጠረዡ የተጻፈለት ዓይነት እጅ። ሳቭታ ደወል ሳትሰቅል ትወድቃለች፤ ፍልፈል ሲወጣ ተኩስ ይጠብቀዋል። ሁለቱንም ሜዳ በሰፊው ተሸነፉ። ተራኪው ማይክሮፎኑን ለኤንባል አቀረበላት፤ ለሚቀጥለው ውድድር ጠንካሮቹን ትመርጪ ይሆን ብሎ በትሕትና ጠየቃት፣ ሰዎችም ፈገግ አሉ።

ኤንባል ወደ አራቱ ዞር አለች። ኖይ ዓይኗ ቀልቷል፣ ይሻይ ግን ቀና ብሎ ይመለከታታል።

«መርጫቸዋለሁ፣» አለች። «እነዚሁ ናቸው።»

ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ ወደ ባቡሩ ሮጡ። ኒቭም እዚያው ባቡር ውስጥ ነበር፣ ብቻውን። ያላያት መስሎ ሁለት ጣቢያ አለፈ፣ ከዚያ ተነሥቶ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በግራ እንደምመጣ በምን አወቅሽ?»

«አንተን አጥቼህ ነው?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «ብመለስ ትቀበሉኛላችሁ?»

ተቀይማዋለች፣ ቂሙም ገና አልወጣላትም። «ማክሰኞ ና፣» አለችው። «እንደ ሁሉም ሰው ሁሉንም ትሞክራለህ። ማንን እንደምትይዝ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ኒቭ ይሻይን አየው፣ ይሻይም በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ኤንባል ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ለማክሰኞ ማን ምን እንደሚሞክር ማሰብ ጀመረች፤ የሃይፋዎቹን ሩጫ ምን እንደሚያቆመው ገና አላወቀችም።