የጽጌረዳዋ አፈር

ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ችግኝ የምታፈላዋን ሴት ሹፌሮቹ «ጉምሩክ» ይሏታል። አፈር ጭነው ሲመጡ እጇን ክንዷ ድረስ ከታ ከሥር ትዘግናለች፤ ጨብጣ ስትለቀው ፍርክስ ካለ ታስገባዋለች፣ አለዚያ «መልሰው!» ነው መልሷ፤ ልመናም ፈገግታም አይበግራትም።

የወንድሟን አፈር ግን አልጨበጠችም። የገዛ ወንድም አፈር ይፈተሻል እንዴ?

የሟች እናታቸው ቤት ሲፈርስ ከእናትየዋ ጽጌረዳ የተረፈችው ጉምሩክ ቀድማ የቆረጠቻት አንዲት ቅርንጫፍ ናት፤ ግቢው መንገድ ሆኗል። ለዚህችው ቅርንጫፍ ብላ ቅጠልና ፍግ እያገላበጠች ያበሰለችውን ብስባሽ ቤቱ ሳይፈርስ ታናሽ ወንድሟ ከእናታቸው ግቢ አወጣላት። ትልቁን የአበባ ሸክላ ሞልቶ፣ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቷ አደረሰላት። «አንቺ መትከል ብቻ ነው እትዬ» አላት። መረቀችው።

ጽጌረዳዋ ግን ቢጫ ሆነች። ውሃ አብዝቼባት ይሆን፣ ፀሐይ ነስቻት ይሆን እያለች ጉምሩክ ራሷን ስትረግም ከረመች። ወንድሟ ብቅ ባለ ቁጥር ከራሱ በረንዳ የለቀመውን ቃሪያ በፌስታል ይዞላት ይመጣል፤ እሷም «እጅህ ይባረክ!» እያለች ትበላለች።

የመጨረሻዋ ቅጠል የረገፈች ዕለት ሸክላውን ገለበጠችው። ከላይ ስንዝር ያህል ጥቁር ብስባሽ ነበር። ከሥሩ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ፍርካሽ፣ የጡብ ስባሪ፣ የዛገ ሚስማር ተዘረገፈ።

ወንድሟ ቃሪያውን አንጠልጥሎ ሲገባ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ቃሪያህ የበቀለው በምን አፈር ነው?»

አቀረቀረ። «ሚስቴ በረንዳችን ባዶ ሆነ ስትል... ለሁለታችን አልበቃ አለኝ እኮ። ለአንቺም ከላይ ከላይ ደህናውን አድርጌልሻለሁ።»

አንጀቷን ያሳረራት ይኼ ነው። ከላይ ያለበሰው እጇን ወደ ሥር እንደማትሰድ አውቆ ነው። ሹፌሮቹ እንኳን ያልደፈሩትን እሱ በእምነቷ ገብቶ ሠራው።

«ደሞ ምን ታካብጃለሽ፣ ሌላ ቅርንጫፍ ቆርጠን እንተክላለን።»

«ከየት ግቢ?»

ፌስታሉን ዘረጋላት። ጉምሩክ ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ ዘግና ጨበጠች፤ አሸዋው በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። ከዚያ ፌስታሉን ወደ ደረቱ ገፋችው።

«መልሰው» አለችው።