ያልወረደው ድንጋይ

«መልስ እሱን» አሉ አያ አዛናው። «ከነበረበት አስቀምጠው።»

ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ የልቅሶውን ድንኳን እያነሣ ስላስቸገረ፣ የዕድሩ ሰዎች ጠርዙን የሚጭኑበት ነገር ሲፈልጉ ነበር። የፎገራ ሜዳ ጭቃ እንጂ ድንጋይ እንደ ልብ አይሰጥም። አንዱ ጎረቤት ሟቹ ሸማ ይሠሩበት ወደነበረው ክፍል ብቅ ቢል፣ ከሸማ መሥሪያው አጠገብ ከፍ ካለው የጭቃ መደብ ላይ አንድ ደህና ድንጋይ አየና ብድግ አድርጎት ወጣ። አያ አዛናው ያስቆሙት በር ላይ ነው።

«ድንጋይ አይደል እንዴ?» አለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ።

«ድንጋይ ነው። ግን አልወረደም። መልሰው።»

ፍሬህይወት ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳለች። አባቷ ትናንት ከተቀበሩ ጀምሮ ዝም እንዳለች ነው፤ ሰው አስለቅሷት አላለቀሰችም፣ አክስቷ ለምናት አልበላችም። አሁን ግን ተናገረች።

«ይውሰደው እንጂ አያ። ማንን ሊጠቅም ነው?»

አያ አዛናው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ትኩር ብለው አዩዋት፤ አንድ ነገር ሊሉ ከጀሉና ተዉት። ድንጋዩ ወደ መደቡ ተመለሰ። የድንኳኑን ጠርዝ ውሃ በሞላ ጀሪካን ጫኑት።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ምን እያሰቡ እንደሆነ ፍሬህይወት ታውቃለች። ከወረታ ገበያ እስከ ደብረ ታቦር መገንጠያ ድረስ የሚወራው ሁሉ ስለዚያ ድንጋይ ነው። «ልጂቱ ፈተና ሰርቃ፣ አባትየው ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ የለመኑላት» ይሏታል። እንግዲህ አባት ሲሞት ወሬ አብሮ አይቀበርም።

አባቷ አቶ ደስታው ሸማኔ ነበሩ። ሩዝ የሚዘራበት መሬት፣ ሜዳ ላይ የሚሰማራ ከብት አልነበራቸውም፤ የነበራቸው መወርወሪያቸውና በሸማ መሥሪያው ሥር ሁለት እግራቸውን የሚያስገቡባት ጉድጓድ ብቻ ናቸው። ሴቶች የፈተሉትን ይዘው ይመጣሉ፤ ጋቢው ተሠርቶ ሲያልቅ አንዳንዴ ያጥራል። ፈትሉ ቀጥኖ ይሁን ሚዛኑ ዋሽቶ ማንም አይጠይቅም። ጋቢ አጠረ ማለት ሸማኔው ፈትል አስቀረ ማለት ነው፤ የአገሩ ፍርድ ይኸው ነው። አቶ ደስታው አንድ ቀን እንኳ ተከራክረው አያውቁም። «ይቅር በሉኝ እናቴ፣ እንደገና ልየው» ይሉና ከራሳቸው ፈትል ጨምረው ይሰጣሉ።

ፍሬህይወት ልጅ ሆና ማግ እያጠነጠነችላቸው ይህን ስታይ አደገች። አንድ ቀን ሆዷ ቢብሳት ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ሳይሰርቁ ለምን ይቅርታ ይጠይቃሉ?»

«ይቅርታ ምን ይጎዳል ልጄ? ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሄደች።»

እሷን ግን ጎዳት። በመልኳም በእጅ ሥራዋም በዝምታዋም አባቷን ናት፤ በዚህ በአንዱ ነገር ግን ላትመስላቸው ልቧ ቆረጠ። ያላጠፋችውን ጥፋት አጥፍቻለሁ ላትል ለራሷ ማለች።

ያ መሐላ የተፈተነው ኮሌጅ ገብታ ልትመረቅ ስትል ነው። በሂሳብ አያያዝ ትምህርት የማጠቃለያ ፈተና ላይ የመጨረሻውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ከተማሩት በሌላ መንገድ ሠራችው። ያን መንገድ ራሷ ስትሞክር ስትሳሳት ያገኘችው ነው። ከኋላዋ የተቀመጠው ብሥራት የሚባል ልጅ ደግሞ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ እንዳለ ገለበጠው። መምህር ማሩ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ አየና ለሁለቱም ኤፍ ሰጠ።

ቢሮው ድረስ ሄደች። ወረቀቷን እንዲያይላት፣ ከፈለገ ቁጥሩን ቀይሮ እንዲጠይቃት ለመነችው። «አሁን ፊትዎ ልሥራው። ከቀዳሁ እንዴት እንደሚደረስበት አላውቀውም» አለችው። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ማን ከማን እንደቀዳ የሚመረምር ፖሊስ አይደለሁም፣ ፈተናው አልቋል ብሎ አሰናበታት። እሷም ለትምህርት ክፍሉ አቤቱታ አስገባች። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሁለቱንም ተማሪዎች ጠርቶ ሊጠይቅ ነበር።

ነበር። ከዚያ በፊት አቶ ደስታው አያ አዛናውንና ቄስ ዘሩን አስከትለው፣ ለጸሎት ከሄዱበት ከጣራ ገዳም ያመጡትን ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ በጠራራ ፀሐይ ከተማውን አቋርጠው መምህሩ ደጅ ቆሙ።

በአገሩ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚቆም ሰው ያጠፋ ሰው ነው። መምህር ማሩ ያየውን አምኖ ለኮሚቴው ተናገረ፦ ቤተሰቡ ጥፋቱን አምኖ በሽማግሌ ይቅርታ ጠይቋል፣ እኔም ስለ ሽማግሌ ብዬ ምሬያለሁ። ኤፉ ዲ ሆነ፤ አቤቱታውም ተዘጋ። ደግ የሠራ መስሎት ነበር።

ፍሬህይወት ያን ቀን ቤት ስትገባ አባቷ ሸማ መሥሪያው ላይ ነበሩ። አልጮኸችም።

«ሳልሰርቅ ሌባ አደረጉኝ፣ አባዬ» አለቻቸው። «ሌላው ቢጠረጥረኝ ግድ የለም። እርስዎ እንዴት ጠረጠሩኝ?»

አቶ ደስታው መወርወሪያውን እንደያዙ ቀና አሉ። መልሳቸውን ሳትጠብቅ ወጣች፤ ከዚያም ወዲያ አኮረፈቻቸው። ምግባቸውን ታቀርባለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ አትናገርም። ጎርፉ ከሜዳው ሲሸሽ የወባው ትንኝ ተነሣ፤ ወባውም አቶ ደስታውን ጣላቸው። ጤና ጣቢያ አልጋ አጠገብ ስትጠብቃቸው እጇን ያዙና «ፍሬ፣ የድንጋዩን ነገር ልንገርሽ» አሏት። እሷም «እሱን አሁን ይተዉት፣ ይዳኑና እናወራለን» አለቻቸው። ለእሳቸው አዝና ብቻ አይደለም። መስማት አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ አንደበታቸው ተሳሰረ።

ልቅሶው ውስጥ ተቀምጣ ውስጧን የሚበላት ይህ ነው። አባቴ ሌባ ናት ብለው እያሰቡ ሞቱ፤ እኔም አኩርፌ ቀበርኳቸው። ከዚህ ሌላ ወደ ልቧ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ቀበሌዎች የመጡ ለቀስተኞች ጭቃቸውን ከደጅ እየጠረጉ ሲገቡ፣ አክስቷ እትዬ ንግሥቲ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ መምህር ማሩ መጥቷል አለቻት። ልቅሶ የመጣ ሰው እንደማይመለስ፣ ፊቷንም እንዳታዞርበት ለመነቻት። ፍሬህይወት አላዞረችም። መምህሩ ከወንዶቹ ጋር ጥቂት ተቀመጠ፣ የቀረበለትን ንፍሮ ቆነጠረ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ኀዘን ነበረበት።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት። «አባትሽ ትልቅ ሰው ነበሩ። ለልጃቸው ጥፋት ሲሉ በዚያ ዕድሜያቸው ድንጋይ የተሸከሙ አባት ናቸው። እኔ መቼም አልረሳቸውም።»

ሊያጽናናት ነው ይህን ያለው። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ፍሬህይወት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከወንዶቹ በኩል ዘንጋቸውን ተመርኩዘው የተነሡት አያ አዛናው ናቸው።

«ለማን ጥፋት አሉ፣ መምህር?»

«ለ... ለፈተናው ነዋ» አለ መምህሩ። «አብረው መጥተው የለም እንዴ?»

«መጥቻለሁ። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ግን ነግረንዎታል?»

መምህሩ አሰበ። አልነገሩትም። ሽማግሌ ጥፋትን ደጅ ላይ አይዘረዝርም። ግቡ ሲባል ይገባል፣ ቁጭ በሉ ሲባል ይቀመጣል፣ ነገሩ ያን ጊዜ ይነሣል። መምህሩ ደግሞ ያን ቀን ባጃጅ ቆሞለት ነበር። ገባኝ፣ ገባኝ፣ ስለናንተ ስል አየዋለሁ ብሎ ተሳፍሮ ሄደ። ግቡም አላለ፣ ይቅር ብያለሁም አላለ፣ ድንጋዩንም ከሰውየው ማጅራት አላወረደም።

«ደስታው ልጁ እንደማትቀጥፍ ያውቃል» አሉ አያ አዛናው። «የተናገረውን ቃል እንዳለ ልንገርዎ። ‹ልጄ ከሰው ወረቀት አትገለብጥም። የተማረ ሰውም በከንቱ ሰው አይበድልም። እንግዲህ የተቀየመው በኔ ነው› አለን። እናትዎ ዱሮ ጋቢ አሠርተው አጥሮባቸው፣ እሱ ፈትል ሳይጨምርበት ተቆጥተው ይዘውት ሄደው ነበር። የዚያ ቂም ነው ልጄ ላይ የወጣው ብሎ አመነ። ያን ድንጋይ የተሸከመው ለጋቢው ነው፣ መምህር። ለልጁ አይደለም። ይቅርታው ስላልተባለ መሬት አላስነካውም፤ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ተመለሰና መደብ ላይ አኖረው። ለልጂቱ እንንገራት ብንለው፣ ‹ስትበርድልኝ እኔው እነግራታለሁ› ብሎ ከለከለን። አሁን እሱ የለም፤ ይኸው ተናገርኩ።»

«እናቴ ያን ጋቢ እስከ ዛሬ ትለብሰዋለች» አለ መምህር ማሩ። «ስለ ማጠሩ አንድ ቀን ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም።»

ፍሬህይወት ያን ጊዜ አለቀሰች። እስከዚያች ሰዓት እምቢ ያላት እንባ አንድ ላይ መጣ፤ እትዬ ንግሥቲ ደግፋ ያዘቻት። አባቷ አንድ ቀን አልጠረጠሯትም። ከጓደኛ ወረቀት ገልብጣለች ብሎ ከማሰብ፣ መምህር ሊሳሳት ይችላል ብሎ ከማሰብ፣ ራሳቸውን በዳይ ማድረግ ቀለላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት እሱን ነው። እሷም ለዚህ አኮረፈቻቸው፤ ለዚህ አልሰማም አለቻቸው። እፎይታውና ጸጸቱ አንድ ላይ ሲመጡባት የትኛውን እንደምታለቅስ አላወቀችም።

መምህሩ ወደ ሸማ መሥሪያው ክፍል ተራመደ። በሩ ክፍት ስለነበር ድንጋዩ መደቡ ላይ ይታያል። ልማዱን እሱም ያውቀዋል። ይቅር ባዩ ነው የሚያወርደው። ጎንበስ ብሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል ፍሬህይወት ከኋላው ደረሰች።

«ይተዉት፣ መምህር።»

እጁን ሰበሰበ።

«አባቴ የበደሉዎት ነገር የለም። ያልተበደለ ሰው ምኑን ይቅር ይላል?» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «እኔም ምሕረትዎን አልፈልገውም። ዲውን መልሰው ይውሰዱት። ኤፌን ይመልሱልኝና አቤቱታዬን ይክፈቱት። ከሣልስቱ በኋላ እመጣለሁ፤ ኮሚቴው ፊት ጥያቄውን እሠራዋለሁ። ብሥራትም ይጠራ፣ እሱም ይሥራው።»

«ኤፍ ሆኖ ምርቃቱ ቢደርስብሽስ?»

«ይድረስብኝ።»

መምህር ማሩ የልቅሶ ቤት መሆኑን የረሳ ይመስል ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ በፊት እንዲህ አይቷት አያውቅም ነበር። በፊት ቢያያት ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

«እኔ ራሴ አስከፍተዋለሁ» አለ። «አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ሳልጠይቅ ፈረድኩ። ለኮሚቴውም ይህንኑ እናገራለሁ።» ከዚያ ሰው የሌለበትን ሸማ መሥሪያ እጅ ነሥቶ ወጣ። አያ አዛናው እስከ ደጅ ሸኙት።

ሰው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ ፍሬህይወት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። መሥሪያው ላይ ያላለቀ ነጠላ አለ፤ ጥለቱ ገና ተጀምሯል። ለማን እንደሆነ ማንም አልነገራትም፤ ምርቃቷ ግን ቀርቦ ነበር። ልትነካው አልደፈረችም።

ወደ መደቡ ዞረች። ድንጋዩን ይህን ሁሉ ጊዜ ቀርባ አይታው አታውቅም፤ ስትጠርግ እንኳ ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው። ባንድ ጎኑ ሻካራ ነው። ሻካራው ላይ ከጋቢያቸው የቀረ ነጭ የጥጥ ክር ተጣብቋል፤ ማጅራታቸው ላይ ያረፈው በዚያ በኩል ነው። አልላጠችውም። ሁለት እጇን ከሥር አስገብታ አነሣችው። ካሰበችው በላይ ከበዳት፤ በዚያ ፀሐይ ተሸክመውት ከተማውን እንዴት እንዳቋረጡ እያሰበች ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆመች።

ከዚያ ተንበረከከችና ቀስ አድርጋ፣ እግራቸውን ያስገቡባት ከነበረችው ጉድጓድ አጠገብ፣ መሬት ላይ አወረደችው። እጆቿን ግን ከሥሩ ቶሎ አላወጣችም።