የማይቀላው አፈር

አባባ ሰው ሥራዬን ሲጠይቃቸው ያፍራሉ። "አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያት አፈር ታቦካለች" ይላሉ። ቱላ ቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ይህን ሰምቼ ነው የምመለሰው። ስለዚህ ጥር ላይ አንድ ረቡዕ ራሳቸው አፈር በፌስታል ቋጥረው እኔ የምሠራበት ላብራቶሪ ድረስ ሲመጡ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

እሳቸው ግን አልሳቁም።

"ጽጌሬዳ፣ ጓሮው ታሟል" አሉኝ። "አምና የወደቀው የእንሰት ቅጠል ዘንድሮም እንዳለ ነው። አይበሰብስም። ብቆፍር አንድ ትል የለም።"

"ፋንድያ አንሶት ይሆናል፣ አባባ።"

"እሱን አንቺ ንገሪኝ። ሁለቱን ትልልቅ እንሰቶች በሚቀጥለው ሳምንት እናስፍቃለን። ለሀሴት ቡላ ያስፈልጋል።"

ሀሴት ታናሽ እህቴ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አባባ ቤት ገብታለች። በእኛ ዘንድ ደግሞ አራስ ያለ ቡላ ገንፎ አትጠናም።

ምርመራው ቀላል ነው። አፈር ውስጥ ያሉ፣ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት ኢንዛይም ያመነጫሉ፤ ቅጠሉን የሚያበሰብሰው እሱ ነው። እኛ ቀለም የሌለው የኬሚካል ጨው በጥብጠን አፈሩ ላይ እንጨምርና ሞቅ ያለ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። ኢንዛይሙ እየሠራ ከሆነ እንደ ቀይ ሥር ውኃ ይቀላል። ሐሙስ ብልቃጡን ሳወጣው የአባባ አፈር አልቀላም።

ጨው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ከላብራቶሪው ግቢ፣ ከጽድ ዛፍ ሥር አፈር ዘግኜ ከአባባ አፈር ጎን እንደገና ሞከርኩ። አርብ ዕለት የግቢው አፈር ደም መስሏል። የአባባው ያው ነበር። ያኔ ፈራሁ።

ደወልኩላቸው።

"አባባ፣ እንሰቱ ሥር ምን ጨምረዋል?"

"ምን እጨምራለሁ? ከብት እንደሌለኝ ታውቂ የለ! አንቺ የላክሽውን አመድ ነዋ።"

እንሰት ፋንድያና የምድጃ አመድ በልቶ ነው የሚያድገው። ከብቶቹ ከተሸጡ በኋላ አባባ ሲጨነቁ አይቼ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ስምንት ጆንያ አመድ አስጭኜ ላክሁላቸው። ያገኘሁት መናኸሪያ አካባቢ ከተከራየሁት ቤት ጀርባ ካለ ወርክሾፕ በነጻ ነው። ወርክሾፑ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳሱን፣ ያን መርዛማ ብረት፣ ያወጣል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ጭሱን እየረገምኩ ነው በየቀኑ መስኮቴን የምዘጋው። ግን አመድ ለእኔ አመድ ነበር፣ እናቴ ጠዋት ጠዋት እንሰት ሥር የምትደፋው ዓይነት። አባባም ጆንያዎቹን ሲቀበሉ "የተማረ ይግደለኝ!" ብለው መርቀውኛል። አፈር መርማሪ ነኝ እኮ! በራሴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

"አባባ፣ ሁለቱን እንሰቶች እንዳይነኳቸው። መርዝ አለባቸው። ለሀሴት በፍጹም!"

"መርዙ ከየት መጣ?"

"ገና እየመረመርኩ ነው" አልኳቸው። ዋሸሁ። እርሳስ ከእናት ወደ ሕፃን እንደሚያልፍ፣ የሕፃንን አእምሮ እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ነኝ ያመጣሁት ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

"እሺ" አሉ አባባ። እሳቸው አይምሉም፤ እሺ ካሉ ግን እሺ ነው።

ሰኞ ሀሴት ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ እርሳሱን የሚለካው መሣሪያ ላይ ተራዬን እየጠበቅኩ ነው እያልኩ ሳልሄድ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር አባባን የማይበት ፊት አልነበረኝም። አርብ ተራው ደረሰኝ። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ያው ነው፣ አፈሩ በእርሳስ ተመርዟል። በማግስቱ ቱላ ሄድኩ።

ከአጥሩ እንደገባሁ ሁለቱን እንሰቶች ቆመው አየኋቸው። ግርጌያቸው ላይ የአምናው ቅጠል እንደ አሮጌ ጨርቅ ተነጥፏል። አንዱን አንስቼ ለመቅደድ ብሞክር አልቀደድ አለኝ። ቢሆንም አባባ ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ እንሰቱ አልተነካም። እፎይ አልኩ።

ሀሴት አልጋው ላይ ተደግፋ በአንድ እጇ ሕፃኑን አቅፋ እያጠባች፣ በሌላው ገንፎ ትበላለች።

"ምንድን ነው የምትበዪው?"

"ቡላ ነዋ!" ሳቀች። "አትደንግጪ፣ የእኛ አይደለም። ብርቱካን ናት ያመጣችልኝ። አባባ የእኛ እንሰት ታሟል ሲሏት፣ 'እኔ እያለሁ አራስ ቡላ አታጣም' ብላ።"

ብርቱካን አጥር የሚያዋስነን ጎረቤታችን ናት። አባባ ከኋላዬ ገቡ፤ የልጅ ልጃቸውን እያዩ ፊታቸው በርቷል።

"እንዲያውም የእሷ ይሻላል" አሉኝ። "ከስምንቱ ጆንያ አምስቱን እኮ የሰጠሁት ለእሷ ነው። አመድ ጎረቤት አይከለከልም።"

ሳህኑን ከሀሴት ፊት ነጠቅኩ። አንድ ጉርሻ ያህል ቀርቶበታል።

"ስንት ቀን በላሽ?"

"ከወለድኩ ጀምሮ" አለችኝ፤ ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ሕፃኑም መጥባቱን አላቋረጠም።