በግራዋ የታጠበው መስታወት

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ የውሻውን ራስ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ከአምባራስ ደባርቅ ሲገቡ፣ ጉንጯን የተነከሰችው ልጃቸው ማርያማዊት እቤት ቀርታ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚገኘው ጎንደር ነው፤ አጨዳውም ደርሷል። ውሻው ጤነኛ ከሆነ መንገዱ ይቀራል።

«አንተ ያየኸውን አምናለሁ፣ ልጄ» አሉት የላቦራቶሪውን ባለሙያ ሰይፈ ሥላሴን። «የእኔ ዓይን ዳዊቱንም የሚያነበው በግምት ነው።»

ሰይፈ ሥላሴ ከውሻው አንጎል ጥቂት ወስዶ በመስታወት ላይ አኖረ። መስታወቶቹን ቀደም ብሎ ጭጋግ በመሰለ ስስ ሙጫ ቀብቷቸዋል፤ ሙጫው ሕዋሱን ከነቫይረሱ ጨብጦ ካልያዘው በእጥበቱ ተጠርጎ ይሄዳል። በሽታውን ሲያገኝ አረንጓዴ የሚያበራውን ቀለም ጨመረ፤ አጠበ፤ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ጨለማ ነው። ከታወቀ እብድ ውሻ የተወሰደ ናሙና ለማነጻጸሪያ አብሮ መታየት ነበረበት፤ እሱ ካልበራ ምርመራው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከእሱ የቀረው ግን ጠብታ ነውና ሰሰተው።

«ምንም የለበትም፣ አባቴ።»

ካህኑ መርቀውት ወጡ።

በሃያኛው ቀን አዲስ መስታወት ሲቀባ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የሺወርቅ በሩ ላይ ቆመው ታዘቡት።

«ደግሞ ልታጨቀየው ነው? የዚያን ለት ጠዋት፣ ቄሱ ሳይመጡ፣ ጭጋግ ለብሰው ባገኛቸው እንደ ጠጅ ቤት ብርሌ በግራዋ ፈግፍጌ መለስኩልህ። እናትህ ዕቃ ማጠብ አላስተማረችህም?»

መስታወቶቹን ቀብቶ ጨረሰ። የውሻውን ቅሪት ከማቀዝቀዣው አወጣ፤ አሁን ማነጻጸሪያውን አልሰሰተም። በሁለቱም መስታወት ላይ አረንጓዴ ፍም ተንተረከከ።

አምባራስ ደወለ።

«ማርያማዊት እንዴት ናት፣ አባቴ?»

«ከትናንት ወዲያ ተለከፈችብኝ። ጠበል ስናቀርብላት ጉሮሮዋ ይታነቃል። ርኩስ መንፈስ ጠበል ይፈራል፤ ሰባቱን ቀን ብንገፋበት ይለቃታል። የውሻው ነገር ነው እንዳልል አንተ አሳርፈኸኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ምልክቱ ከታየ በኋላ ክትባት እንደማይመልሰው ያውቃል፤ የሚያውቀውን ሁሉ ዘግይቶ ያውቃል።

«ውኃ አታቅርቡላት፣ አባቴ።»

«ጠበሉን?»

«ጠበሉንም። ውሻው ታሞ ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ከካህኑ ኋላ አንዲት ሴት በጣሳ ውኃ ስትቀዳ ተሰማ፤ ቀጥሎ የልጅቱ የታነቀ ድምፅ።

«ተዪው» አሉ ቄሱ፣ ለእሱ ሳይሆን። «ድፊው።»