ጆሮዋ እኔ ነኝ

የእህቴን ጥናት የጣለባት ሰውዬ አባታችን ነው። አዎ፣ የገዛ አባታችን። ጠዋት ጠዋት ካልሲው ጠፍቶበት ቤቱን የሚያምሰው አባታችን። በቃ፣ ተናገርኩት። ከሥር ጀምሬ በወጉ ልነግራችሁ አስቤ ነበር፣ ግን ሆዴ ውስጥ ሲንተከተክ የሰነበተ ነገር ነው፣ ክዳኑን ገፍቶ ወጣ። አሁን ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እኛ ቤት ከኔ በቀር ሁሉም ተመራማሪ ነው። አባዬ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል፣ የሚያጠናው ስለ ውል ነው፤ ማን ፈረመ፣ ማን አልፈረመም፣ ያልተፈረመው ነገር ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን ይሆናል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። እማዬ የሻጋታ ሰው ናት። ፍሪጃችን ውስጥ ከወተቱ ጎን «እንዳትነኩ፣ በሕይወት አለ» የሚል የተለጠፈባቸው ክብ ክብ ሳህኖች አሉ። ጓደኞቼ ቤታችን ሲመጡ የታሸገ ነገር ካልሆነ አይቀምሱም። እህቴ ደግሞ የሰው ንግግር ነው የምታጠናው። እኔ «ታላቄ» ነው የምላት፣ እሷ «ፌንጣ» ትለኛለች፣ አንድ ቦታ ስለማልቀመጥ።

የሦስቱንም ዓይነት ጥናት አንድ ላይ የሚያትም ጆርናል አለ። እኔ ማውጫውን ማንበብ ነፍሴ ነው። የተሰበረ አጥንት እንዴት እንደሚገጥም፣ ከሱ ቀጥሎ የድሮ ግጥም ቤት አመታት፣ ቀጥሎ ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት ቤቱ ለማን እንደሚሆን፣ ከዚያ ደሞ የሌሊት ወፍ። አንድ ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት የተጣበቁ የማይተዋወቁ ሰዎች ነው የሚመስሉኝ። አባዬ ግን ሕግ ከሌሊት ወፍ ጋር ምን አገናኘው ይልና የራሱን ገጽ አንብቦ ይዘጋዋል። እማዬም ብትሆን ሻጋታዋ ከታተመ በኋላ ጆርናሉን የምትፈልገው የድስት ማስቀመጫ ሲጠፋ ነው።

እና ታላቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋራዥ ሰፈር ስትመላለስ ከረመች። እዚያ ያሉት ሰዎች፣ ባቲላሜራው፣ ጎሚስታው፣ ወንበር አልባሹ፣ እርስ በርስ ሥራ ሲቀባበሉ አይፈራረሙም፣ ግን ቃላቸውን አያጥፉም። ቃሉ በምን ይታሰራል? ጥናቷ ይሄ ነው። አንድ ቀን እኔንም ይዛኝ ሄደች። ባቲላሜራው ለቀለም ቀቢው የተጨረመተውን የመኪና በር ለቅዳሜ አቃናልሃለሁ፣ ቃሌ ነው አለው። አጠገባቸው ጎማ የሚፈታ ጎሚስታ ነበር፣ ቀና እንኳን ሳይል «ሰምቻለሁ» አለ። አለቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጎሚስታው «ጆሮ» ሆነ ማለት ነው። ቅዳሜ በሩ ካልተቃና፣ ጆሮው መጀመሪያ ቃል የገባውን ሰው ለብቻው ጠርቶ፣ ሳያዋርደው፣ ያስታውሰዋል። ሰውዬው ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ግን ቃል የተገባለት ባለበት፣ ሰው እየሰማ ይነግረዋል። ታላቄ «ጆሮ አፍ የሚያወጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» ብላ ጽፋለች። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ሰውነቴን ነው የወረረኝ፣ እውነቴን ነው።

ሰዎቹ እንዳይጎዱባት ብላ ስማቸውን ደብቃለች፣ ጋራዡንም «የእጅ ሥራ ሰፈር» ብላ ነው የጻፈችው። ይቺን ያዙልኝ። ጆርናሉ ደግሞ የሷን ስም አጥፍቶ ለሁለት ገምጋሚዎች ይልካል፤ እነሱም እሷን አያውቋትም፣ እሷም እነሱን አታውቃቸውም። እንዳያዳሉ ነው አሉ። የታላቄ ትምህርት ክፍል ደግሞ ዘንድሮ አንድ ጥናት ካላሳተመች ረዳት መምህርነቷን እንደማያድስላት ነግሯታል። እንጀራዋ በዚያ ወረቀት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

መልሱ የመጣ ቀን እራት ላይ ሳህኗን ገፋ አደረገችና አልተቀበሉኝም አለች። አንደኛው ገምጋሚ ወዶት ነበር፣ ሁለተኛው ቀበረኝ አለች፣ ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። እማዬ ተነስታ ጀርባዋን እያሻሸች፣ ሻጋታም በመጀመሪያው ሳህን አይበቅልም የኔ ልጅ አለቻት፣ በሷ ቤት ማጽናናቷ ነው። አባዬ ግን እሳት ለበሰ። ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ማንኪያዬ ዘለለ። ስሙን ደብቆ ድንጋይ የሚወረውር ፈሪ ነው አለ፣ ምቀኛ ነው አለ፣ ራሱ ጽፎ የማያውቅ ነው ሰው የሚያጣጥለው አለ። ከዚያ እንዲህ አላት፦

«ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ልወቅ ብቻ፣ እዚህ አምጥቼው፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ አፍ አውጥቶ ይቅርታ ይጠይቅሻል። ቃሌ ነው።»

እኔም አፌ በምግብ እንደተሞላ «ሰምቻለሁ» አልኩ።

ታላቄ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈነዳች። አባዬ ምን እንደሆነ እንኳን አልገባውም፣ ጆሮው አጠገብ ያለፈች ዝንብ ነበርኩ። ያን ማታ ያላስተዋልኩትን ነገር ልንገራችሁ፣ አሁን ሳስበው አንጀቴ ያርራል። ያን ሁሉ ሲፎክር ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቃትም።

መኝታ ቤት ስንገባ ገምጋሚው ምን እንዳላት ነገረችኝ። «የሰፈር ወሬ በግርጌ ማስታወሻ» ብሎ ነው የጻፈው። ይሄን ስትል ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባዬ ትምህርት ቤት ሊያደርሰኝ መኪና ውስጥ ነን። ዩኒቨርሲቲ ስለ ድንጋይ የሚያስተምር ጓደኛው ደወለለት፣ መሪ ስለያዘ ስልኩን በድምጽ ማጉያ አደረገው። ሰውዬው ለግምገማ የሚላክለት ወረቀት በዛብኝ ብሎ ማማረር ጀመረ፣ አንዱ ስለ አሸዋ አርባ ገጽ ጽፎ አሸዋ አላየም አለ። አባዬ ሳቀ።

«እኔ ጋ የመጣው ይባስ፣» አለ። «ውል በጆሮ ይታሰራል የሚል ነው። የሰፈር ወሬ በግርጌ ማስታወሻ ብዬ ሸኘሁት።»

ሁለቱም ተንከተከቱ። እኔ እጄን ሰደድኩና ቀዩን ተጭኜ ስልኩን ዘጋሁት። አባዬ ምን ነካሽ ሊለኝ ሲዞር ያ ወረቀት የታላቄ ነው አልኩት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ሕፃን ሲሳሳት እንደሚፈገገው። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«የሷ ስለ መኪና አይደለም እንዴ?»

እናንተ። ስለ መኪና። ሁለት ዓመት ሙሉ ጫማዋ ግራሶ ነክቶት ስለመጣች መኪና የምታጠና መስሎታል። ለአጎታችን ትልቋ ልጄ ከሞተር ጋር ነው ሥራዋ ሲለው ሰምቼው አውቃለሁ፣ ቀልድ መስሎኝ ስቄለት ነበር። ታላቄ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስንቴ ተናግራለች፣ ስንቴ። እሱ ጨውን አቀብሉኝ ሲል፣ እማዬ ሳህኖቹን ማን አንቀሳቀሰ ስትል፣ የሷ ወሬ መሃል ላይ ይሞታል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቀና ብሎ ምንድን ነው የምታጠኚው ብሏት ቢሆን ኖሮ ስም ቢጠፋም በመጀመሪያው ገጽ ያውቃት ነበር። ስሟን የሰረዘባት ጆርናሉ አይደለም፣ እሱ ነው ቀድሞ የሰረዛት። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጮህኩበት።

መኪናውን ጥግ አስያዘ። ከኋላችን ጡሩምባ ይቀልጣል። መሪውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ አጻጻፉ ጥሩ ነበር እኮ አለ። ይሄን ጊዜ ይባስ ነደደኝ። ጥሩ ከነበረ ለምን ቀበርካት አልኩት። ሕግ ስላልሆነ አለኝ። ሕግ ነው መች አለችህ?

«አባዬ፣ ቃል ገብተሃል፣» አልኩት። «እኔም ሰምቻለሁ ብያለሁ። ጆሮዋ እኔ ነኝ።»

«ፌንጣዬ፣ በቃል ብቻ የሚያስር ነገር የለም።»

ይሄን ካለ በኋላ ራሱን የሰማው መሰለኝ። ወርጄ በሩን ዘጋሁበት፣ ቦርሳዬን እንኳን ረስቼ።

ማታ ኮሪደር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ለጆርናሉ አዘጋጅ ጽፏል፤ ጸሐፊዋ ልጁ መሆኗን ስላላወቀ አስተያየቱ እንዲሰረዝና ሌላ ገምጋሚ እንዲመደብ ጠይቋል። እሺ፣ አንድ ነገር አድርጓል፣ አልካድኩትም። ግን ለሷ እንዳልነግራት ለመነኝ። የገምጋሚ ማንነት ምስጢር ነው፣ ደንቡ ነው አለኝ። ደግሞ ኩራቷን ታውቂያለሽ፣ አባዬ በጻፈው ደብዳቤ ነው ዳግም የታየልኝ ብላ ጥናቱን መልሳ ትወስደዋለች፣ ሥራዋን ታጣለች አለኝ። በጣም የሚያናድደው፣ ይሄኛው ልክ ሳይሆን አይቀርም።

ትናንት የጆርናሉ መልእክት ደረሳት። ሁለተኛው ገምጋሚ አስተያየቱን ስቧል፣ ጥናቱ ለአዲስ ገምጋሚ ተልኳል ይላል። ታላቄ አልጋው ላይ ቆማ ዘለለች፣ እኔን ፌንጣ የምትለኝ እሷ። እራት ላይም ዝም አላለችም። ሰውዬው ለካ ሕሊና አለው፣ ማን እንደሆነ ባውቅ ደውዬ አመሰግነው ነበር አለች። አባዬ እንኳን ደስ ያለሽ ያለው ለጨው እቃው ነው፣ ቀና አላለም።

ከዚያ፣ ይሄን ስሙልኝ፣ ቀና አለና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥናትሽ ግን ስለ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃት።

ታላቄ እንዴት እንደበራች ብታዩ። ሳህኑን ገፍታ፣ ሹካውን ባቲላሜራ፣ ማንኪያውን ቀለም ቀቢ አድርጋ ታስረዳው ጀመር። አባዬም አንድ በአንድ ያነበበውን፣ አንድ በአንድ የቀበረውን ነገር፣ አዲስ እንደሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እንዴ ይላል። ኋላስ ይላል። እሷ ደግሞ አባቷ ስላዳመጣት ብቻ ጉንጯ ቀልቶ። ጆሮ የሚባለው ሰው ጋ ስትደርስ በማንኪያው ወደኔ ጠቆመችና ልክ ፌንጣ ያን ማታ እንዳደረገችው አለችው፣ እየሳቀች። አባዬ ወደኔ አላየም።

የመጀመሪያውን፣ ለብቻው የሚነገረውን፣ መኪና ውስጥ ተናግሬያለሁ። የቀረኝ ሁለተኛው ነው። እሱ ቃል የገባው በስውር ደብዳቤ ሊጽፍ አልነበረም፣ እዚችው ጠረጴዛ ላይ አፍ አውጥቶ ይቅርታ ሊል ነው። ዝም ካልኩ ጥናቷ ላይ ያለችው ጆሮ ውሸት ናት ማለት ነው፣ ያውም በገዛ እህቷ። ከተናገርኩ ደግሞ ያን የበራ ፊቷን የማጠፋው እኔ ነኝ፣ ምናልባት ሥራዋንም። ነገ እሁድ ነው፣ ምሳ ላይ አራታችንም እዚያው ነን። እናንተ እኔን ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?