በስቅለት ቀን ባሕር የገባ

እማማ ኤርሜሊንዳ ከተራራማዋ የሪዮባምባ ከተማ ወርደው ፕላያስ የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ አሸዋው አልታያቸውም፤ የታያቸው ሰው ብቻ ነው። አገር ምድሩ ሕማማትን በዋና ሊያሳልፍ ወጥቷል። አንዱ ቢራ ይጠጣል፣ አንዱ ሽሪምፕ ይልጣል፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ የየራሱን ዘፈን ይጮኻል። ጌታ የተሰቀለው መሥሪያ ቤት እንዲዘጋልን ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ እዚያ የሚረታው ሰው አያገኝም ነበር።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ስቅለት የሚዋለው እቤት ነበር። በዚያ ቀን ቤት አይጠረግም፣ ሚስማር አይመታም፣ ገላም አይታጠብም፤ በስቅለት ውሃ የገባ ዓሣ ይሆናል ተብለው ነው ያደጉት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤተሰቡ ከማዕድ ተነሥቶ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ሽማግሌው "አባታችን ሆይ" ብለው ይጀምራሉ፣ ሌላው ይከተላል። ባለፈው ዓመት ሊሞቱ ሲሉ "ዘጠኝ ሰዓቷ እንዳትቀር" ያሏቸው ከጆሯቸው አልጠፋም። ዘንድሮ ልጃቸው ፋብሪሲዮ "ብቻሽን አትውዪም" ብሎ እዚህ አመጣቸው። እሳቸውም እህል ሁሉና ደረቅ ዓሣ የሚገባበትን የሕማማት ሾርባ፣ ፋኔስካውን፣ በድስት ይዘው መጡ።

"ዛሬን እንኳ ባሕር ባትገቡ ምን አለበት?" አሉ ጠዋት።

"ዓሣ እንዳንሆን ነው?" ፋብሪሲዮ ሳቀ። "ከሆንኩ ድስትሽ ውስጥ ክተቺኝ፤ ከደረቀው እሻላለሁ።"

"አንተ ደግሞ ምን ጣዕም አለህ? አጥንት ብቻ።"

"ይተዉት እማማ" አለች ምራታቸው ያዲራ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኔ እሰበስብልዎታለሁ።"

ሰዓቱ ሲደርስ ግን ያዲራም ቃሏን ረስታ፣ ትንሿን ልጇን ናዬሊን ይዛ ውሃ ውስጥ ነበረች። በስቅለት ደወል አይደወልምና ከቤተ ክርስቲያኑ የእንጨት ማንኳኪያው ተንኳኳ፤ ዘፈኑ ዋጠው። እማማ ኤርሜሊንዳ ከዳርቻው ቆመው ተጣሩ። ማንም አልሰማም። መጀመሪያ ተናደዱ፤ ቀጥሎ ሆዳቸው ባባ። እዚያው ብቻቸውን ይጸልዩ እንደሆነ አሰቡና፣ የያዙት አደራ የብቻ ጸሎት እንዳልሆነ ታወቃቸው።

ጫማቸውን አውልቀው በጥቁር ቀሚሳቸው ገቡ። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ሲደርስ እግራቸውን አዩ፤ የእውነት ፈርተዋል። አሁንም እግር ነው። ማዕበሉ ወገባቸውን ሲመታቸው ልባቸው ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም፤ ግን አልተመለሱም።

"አባዬ፣ እማማ ባሕር ገባች!" አለች ናዬሊ።

ፋብሪሲዮ ውሃውን እየሰነጠቀ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። "ምን ነካሽ እማዬ? ዛሬ እኮ ስቅለት ነው!"

ያለውን ራሱ የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

"እናንተ ሁላችሁ ዓሣ ከሆናችሁ፣ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው ሰው የምሆነው?" አሉት። "እጅህን አምጣ።"

ሰጣቸው። ያዲራም አንገቷን ደፍታ መጣች፣ ናዬሊንም በመሃል አስገቧት። ተያይዘው ቆሙ። ጸሎቱን የሚጀምር ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ያንን የሽማግሌውን ድምፅ ነበር። ማዕበል መጥቶ አነሣቸውና መልሶ አቆማቸው።

ከዚያ ፋብሪሲዮ በሰለለ ድምፅ ጀመረ።