የእትዬ ሸዋረገድ ጉልበት

ሉቃስ ከላፍቶ ሜክሲኮ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግራ እግሩ ፍሪሲዮን ከመርገጥ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ዳሌው እንደ ዛገ ማጠፊያ ደርቆ የቀረውም በዚሁ ነው። ከመቀመጫው ሲነሳ የሚያሰማው ማቃሰት ተሳፋሪውን ያስቅ ነበር። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፣ የሠርጉ ቀን እስኪቆረጥ ድረስ።

ሠርግ ካለ ጉልበት መሳም አለ። የሉቃስ እናት የሞተችው እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ያሳደጉት የጎረቤት ሴት፣ እትዬ ሸዋረገድ ናቸው። ዘመድ አይደሉም። ሦስት ልጆቻቸው በሚበሉበት ትሪ ላይ አራተኛ እጅ ጨመሩ፣ አለቀ። ታዲያ እኚህ ደግ ሴት አንድ ክፉ አመል አለባቸው፤ ምስጋና አይቀበሉም። ልብስ ሲገዛላቸው ለሰው ይሰጡበታል፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ሲላቸው «ወግድ! ምን አደረግኩልህና!» ብለው ወሬ ይለውጣሉ። ባለፈው ፋሲካ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ ሲል ገና ሳይደርስ ዳሌው ያዘው። እሳቸውም አጋጣሚውን አላሳለፉትም፤ ትከሻውን ይዘው አቃኑትና «በቃ፣ ደርሶኛል» አሉት። ምኑም አልደረሳቸውም። ሉቃስ ይህን ዕዳ በልቡ ይዞ ሙሽራ መሆን ከበደው።

ሐኪም ራጅ አንስቶ አጥንቱ ደህና እንደሆነ፣ የተሳሰረው ጡንቻው ብቻ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም የጋራ አዳራሽ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ዮጋ ወደምታሠለጥነው ወደ ሚካል ሄደ።

«በስንት ቀን መንበርከክ እችላለሁ?» አላት።

«ዳሌህ ሲፈቅድልህ» አለችው።

ትዕግሥት ለታክሲ ሹፌር አልተፈጠረም። በሦስተኛው ሳምንት የውስጥ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጉልበቶቹን ወደ ጎን ከፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቡ ያሉት ጡረተኛ ሴትዮ ጉልበት ምንጣፉን ሲነካ አየ። ቀናባቸው። በክርኖቹ ጭኖቹን ተጫናቸው፤ እሱም አልበቃው ብሎ እየነጠረ ገፋቸው። ብሽሽቱ ቋ አለ። አሥር ቀን መኪና መንዳት አልቻለም።

ሲመለስ ሚካል አልተቆጣችውም፤ ይሄ ይበልጥ አሳፈረው። ከመቀመጫው ሥር ትራስ፣ ከጉልበቱ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አደረገችለት።

«ሲስብህ ቆይበት፣ ሲወጋህ ተመለስ» አለችው። «ትንፋሽህን መያዝ ከጀመርክ አልፈሃል ማለት ነው።»

ሉቃስም እንደተባለው አደረገ። መጀመሪያ በእርምጃ ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ከዚያ አንዱን ጉልበት ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፎ ዳሌውን ቀስ እያለ ወደ ፊት ይገፋል፤ ከዚያ እግር ይለውጣል። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ አራት ወር። አንድ ሐሙስ ሁለቱም ጉልበቶቹ ያለ ሕመም መሬት ሲይዙ እዚያው ሆኖ እንባው መጣ። ሚካልን አመስግኖ አመስግኖ ሊጠግብ አልቻለም፤ እሷ መቼም ደስ ብሏት ተቀበለችው።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ውጪ ክላክስ እያደረጉ ያስቸኩሉታል። እትዬ ሸዋረገድ ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሉቃስ ዝቅ ማለት ሲጀምር እጃቸው ፈጥኖ ትከሻውን ያዘ።

«ኧረ በሞቴ! ተነስ፣ ሱፍህ ይቆሽሻል!»

«እትዬ፣ የዛሬን ይተዉኝ» አላቸው። «እዚህ ወለል ላይ ለመድረስ አራት ወር ፈጅቶብኛል።»

እጃቸው ላላ። ቀኝ ጉልበቱ ወለሉን ነካ፣ ግራውም ተከተለ። ሁለቱንም ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ አልተነሳም፤ ግንባሩን እዚያው አሳርፎ፣ «ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ» አለ።

እትዬ ሸዋረገድ ወዲያ ወዲህ አዩ። የሚያቃኑት ትከሻ፣ የሚለውጡት ወሬ አልነበረም። እንባቸው ማጅራቱ ላይ ጠብ ሲል ተሰማው፤ ከዚያ የመዳፋቸው ሙቀት አናቱ ላይ አረፈ።

«እሺ ልጄ» አሉ። «ተቀብያለሁ።»